አዳራሹና ግቢው፦ በስድስት ኪሎ ስለሚሰጡ ሕዝባዊ የታሪክ ገለጻዎች የአንድ ታዳሚ ግምገማ

ምግብ ቤት በልቶ የወጣ ሰው ስለ ጥብሱና ስለ አስተናጋጁ አስተያየቱን ይጽፋል፤ ሆቴል ያደረም ስለ አልጋውና ስለ ሙቅ ውኃው ይናገራል። ከሥራ ፈቃድ ወስዶ፣ ሁለት ታክሲ ቀያይሮ፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ድረስ ሄዶ የታሪክ ገለጻ ያዳመጠ ሰው ግን ስላገኘው አገልግሎት ሲጽፍ እምብዛም አላጋጠመኝም። ምክንያቱ መግቢያው ነጻ መሆኑ ይመስለኛል፤ ገንዘብ ያልከፈልንበትን ነገር መተቸት ነውር ሆኖ ይታየናል። እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ታሪክን በትምህርት ቤት የተማርኩትም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ብቻ ነው። ሆኖም ባለፉት ሦስት ዓመታት ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ወደ ሃያ የሚጠጉ የታሪክ ገለጻዎችንና የመታሰቢያ ዝግጅቶችን በተለያዩ ግቢዎች ተከታትያለሁ፤ ከእነዚህ መካከል አብዛኞቹን የተከታተልኩት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ግቢ ነው። ገንዘብ ባይከፈልም ግማሽ ቀን ይከፈላል፤ ስለዚህ ግምገማ ይገባዋል።

ስለ ተናጋሪዎቹ ከማንሳቴ በፊት ስለ ቦታው መናገር ይኖርብኛል፤ ምክንያቱም የስድስት ኪሎን ዝግጅቶች በሌላ አዳራሽ ከሚደረጉት የሚለያቸው ዋናው ነገር ታዳሚው የቆመበት መሬት ነው። ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ሙዚየሙ የሚገኙበት ሕንጻ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። በወረራው ዘመን የፋሺስት ኢጣሊያ እንደራሴ መቀመጫ ሆነ፤ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ግቢ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዡ ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ነዋይ መፈንቅለ መንግሥት ባካሄዱ ጊዜ ታግተው የነበሩት መኳንንትና ሚኒስትሮች፣ ራስ ሥዩም መንገሻና ራስ አበበ አረጋይ ጭምር፣ በዚሁ ቤት አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ ተረሸኑ። ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ፤ በ1943 ዓ.ም. በኮሌጅነት የተጀመረው ተቋምም በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ እዚሁ ተመረቀ። ስለ እነዚህ ነገሮች የሚናገር ሰው እጁን ዘርግቶ በመስኮት ማሳየት ይችላል። ይህን ዕድል የተጠቀመበትም፣ ሳይጠቀምበት የቀረም ተናጋሪ አይቻለሁ፤ ደረጃ የምሰጣቸውም በአብዛኛው በዚህ ነው።

በበር ላይ ስላለው አገባብ ብዙ የምለው የለኝም። መታወቂያ ይጠየቃል፣ ቦርሳ ይፈተሻል፣ ወዴት እንደሚሄዱ ይጠየቃሉ። የዝግጅቱን ማስታወቂያ በስልክ ላይ አስቀምጦ ማሳየት ነገሩን ያቀልላል። አንድ ጊዜ ግን ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገኝ ሌላ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ፣ ማስታወቂያው «ለማንኛውም ሰው ክፍት ነው» እያለ፣ የጥበቃ ሠራተኛው የሠራተኛ ወይም የተማሪ መታወቂያ የሌለው እንዳይገባ ታዝዣለሁ ብሎ ከሃያ የማናንስ ሰዎችን አቆመን። ከመካከላችን ነጠላቸውን አጣፍተው ከዘራ የያዙ አንድ አዛውንት ነበሩ። «ልጄ፣ ሕዝባዊ ገለጻ ነው የተባለው፤ እኔ ሕዝብ ካልሆንኩ ማን ነው ሕዝብ?» አሉት በእርጋታ። ወጣቱ አፍሮ ስልክ ደወለ፤ ከአዘጋጆቹም አንዱ ወጥቶ እስኪያስገባን ድረስ አርባ ደቂቃ ፀሐይ ላይ ቆምን። አዘጋጆችና ጥበቃዎች ሳይነጋገሩ ለሕዝብ የሚበተን ማስታወቂያ፣ ቤቷን ሳታሰናዳ ጎረቤት የምትጠራ ሴት ወይዘሮን ያስታውሰኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ከተከታተልኳቸው ሁሉ የበለጠ በልቤ የቀረው በስድስት ኪሎ ስለ የካቲት 12 ጭፍጨፋ የተሰጠ ገለጻ ነው። ተናጋሪው በዕድሜ ገፋ ያሉ የታሪክ መምህር ነበሩ። ፕሮጀክተሩ ተዘጋጅቶላቸው ሳለ ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት አላስበሩትም። መድረኩ ላይ ከመውጣታቸው በፊት «እስቲ ለአፍታ ወደ ውጭ እንውጣ» ብለው ታዳሚውን በሙሉ ይዘው ወጡ፤ ወደ ሰማንያ የምንሆን ሰዎች በግቢው ዛፎች መካከል እንደ ተማሪ ተሰልፈን ተከተልናቸው። የወሰዱንም ብዙዎቻችን አልፈነው እየሄድን አስተውለነው ወደማናውቀው የሲሚንቶ ደረጃ ነው። ደረጃው እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል፤ ወደየትም ግን አያደርስም፤ ሰማይ ላይ ያልቃል። ጣሊያኖች እንደሠሩትና እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ አንድ የፋሺዝም ዓመት እንዲቆጥር እንደታሰበ ነገሩን። ጫፉ ላይ ዛሬ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጣለች፤ ከድል በኋላ የተቀመጠች ናት። መምህሩ ደረጃውን አንድ በአንድ በጣታቸው እየቆጠሩ ጥቂት ዝም አሉ፤ ከዚያ «መቀጠል አስበው ነበር» አሉ፤ ይኸው ነው። ማብራሪያ አልጨመሩም። ወደ አዳራሹ ስንመለስ አጠገቤ ይራመድ የነበረ አንድ የምሕንድስና ተማሪ በዚህ ግቢ ለሁለት ዓመታት እንደተመላለሰና ደረጃውን የውኃ ማማ ቅሪት አድርጎ ያስበው እንደነበር ነገረኝ።

በአዳራሹ ውስጥ የቀጠለው ክፍል ደግሞ ለእኔ ለሒሳብ ሰው የተዘጋጀ እስኪመስል ድረስ ስለ ቁጥር ነበር። በየካቲት 12ና በተከታዮቹ ሁለት ቀናት በአዲስ አበባ ምን ያህል ሰው ተገደለ? ሁላችንም በትምህርት ቤት የሸመደድነው 30 ሺህ ነው። ተናጋሪው ይህ አኃዝ ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ለሰላም ጉባኤ ካቀረበው የጉዳት ዝርዝር ውስጥ የሚገኝ መሆኑን አስረዱ፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በምስክሮች ቃል፣ በፎቶግራፎችና በሰፈር በሰፈር በተደረገ ማጣራት የተሠራ ጥናት ደግሞ ወደ 19 ሺህ እንደሚያደርሰው፣ የወራሪው ወገን የዘመኑ ሪፖርቶች ግን ከሁለቱም እጅግ ዝቅ እንደሚሉ አስቀመጡ። ቁጥሮቹን ከዘረዘሩ በኋላ ግን አልሸሹም፤ እያንዳንዱ አኃዝ ማን እንደቆጠረው፣ ለምን ዓላማ እንደቆጠረው፣ ምን ሊያይና ምን ላያይ ይችል እንደነበር ለየብቻ አስረዱ። አንድ ወጣት ተነሥቶ «እና ትክክለኛው የትኛው ነው? 30 ሺህ ማለት ይቅር ነው የሚሉን?» ብሎ በቁጣ ጠየቀ። መምህሩ ድምፃቸውን ሳይለውጡ «እኔ ያልኩህ ቁጥሩን ስትናገር ምንጩን አብረህ ተናገር ነው፤ ለሟቹ ክብሩ ያ ነው» ብለው መለሱ። በመሥሪያ ቤታችን ደረሰኝ የሌለው ወጪ አይወራረድም፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ታሪክም እንደዚያው መሆኑን ተረዳሁ። መምህሩን አድናቂያቸው ሆኜ የወጣሁት በዚህ መልስ ነው።

ከዚያ የጥያቄና መልስ ጊዜ መጣ። በእነዚህ ዝግጅቶች ውስጥ ትልቁ ነገር የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ አዘጋጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚያባክኑትም ይህንኑ ነው። ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። ጥያቄ እንደሌላቸው፣ አንድ ነገር ብቻ እንደሚናገሩ አስቀድመው ይቅርታ ጠየቁ። እናታቸው በዚያ ዓመት የዘጠኝ ዓመት ልጅ እንደነበሩ፣ ጉለሌ አካባቢ ጎረቤታቸው ቤት በጓሮ በኩል ባለ የእህል ጉድጓድ ውስጥ ከሁለት ወንድሞቻቸው ጋር ሁለት ሌሊት እንደተደበቁ ተናገሩ። «እናቴ ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አውርታልን አታውቅም» አሉ፤ «እኛ ያወቅነው ከሞተች በኋላ ከአጎቴ ነው። ነገር ግን በቤታችን ቡታጋዝ ገብቶ አያውቅም። ጎረቤቱ ሁሉ ሲገዛ እርሷ በከሰልና በእንጨት ትሠራ ነበር። የላምባ ሽታ አልወድም ትል ነበር፤ እኛ የቆጣቢነት ይመስለን ነበር።» ጣሊያኖች የሳር ክዳን ቤቶችን ነዳጅ እያርከፈከፉ ማቃጠላቸውን መምህሩ ከግማሽ ሰዓት በፊት ነግረውን ስለነበር አዳራሹ ውስጥ ማንም ማብራሪያ አላስፈለገውም። መምህሩ መድረኩን ትተው ወረዱ፤ ከኪሳቸው ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አወጡና የጎረቤቱን ስም፣ ቤቱ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን በየትኛው በኩል እንደነበር፣ አጎትዬው በሕይወት ይኖሩ እንደሆነ ቆመው እየጠየቁ ጻፉ። ይህ ምናልባት አሥር ደቂቃ ወስዷል። የመድረክ መሪዋ ሰዓቷን ተመለከተች፤ ነገር ግን አላቋረጠችም፤ ለዚህ ብቻ ምስጋና ይገባታል።

ሕዝባዊ ገለጻ ከክፍል ትምህርት የሚለየው በዚህ መሰለኝ። በክፍል ውስጥ ዕውቀት የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ነው፤ እዚህ ግን ከወንበር በኩልም ይመጣል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል ራሱ ይህን ያውቀዋል፤ ለዓመታት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቹ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ወደየትውልድ አካባቢያቸው እየሄዱ ከሽማግሌዎች አፍ የሰበሰቡት ታሪክ ዛሬም በተመራማሪዎች ይጠቀሳል። ታዲያ ሽማግሌው ራሱ በእግሩ ግቢው ድረስ ሲመጣ ማይክ መንፈግ ምን የሚሉት ነው?

ማይክ ሲነፈግም አይቻለሁና ነው ይህን የምለው። ከላይ በሩ ላይ አቆመን ባልኩት ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን በሌላ፣ እርሱንም በስም በማልጠራው ግቢ፣ በአንድ የድል በዓል ሰሞን የተዘጋጀ ገለጻ ነበር። ጥሪው ለ8 ሰዓት ነው፤ የክብር እንግዳው ስላልደረሱ 9 ሰዓት ከሃያ ላይ ተጀመረ። የሐበሻ ቀጠሮ ነው ብለን ተቀመጥን። ከዚያ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ተደረገ፤ ከዚያ የመክፈቻ ንግግር፤ ከዚያ ቁልፍ መልእክት የተባለ ሦስተኛ ንግግር፤ ሦስቱም «ወጣቱ ትውልድ ከአባቶቹ ታሪክ ሊማር ይገባል» የሚል ነገር ነበረባቸው፤ ወጣቱ ትውልድም በኋላ ወንበር ስልኩን ይነካካ ነበር። የክብር እንግዳው ንግግራቸውን እንዳበቁ በአስቸኳይ ሥራ ምክንያት ተነሥተው ሄዱ፤ ካሜራዎቹም ተከትለዋቸው ወጡ። የጥናት አቅራቢዋ ወጣት ተመራማሪ ሃምሳ ደቂቃ ተመድቦላት የነበረውን በሃያ ደቂቃ እንድትጨርስ ወረቀት ተላከላት። ስላይዶቿን ዐሥር ዐሥር እያለፈች ስትሮጥ ማየት ያሳዝን ነበር፤ የምርምሯ ርእስ በዐድዋ ዘመቻ ስንቅ ያዘጋጁና ያጓጓዙ ሴቶች ነበር፤ ከሰማኋቸው ርእሶች ሁሉ አዲስ ነገር ይዞ የመጣው ይኸው ነው። ስለ በሶና ስለ ድርቆሽ፣ አንድ በቅሎ ስንት ቀን የሚበቃ ስንቅ ልትሸከም እንደምትችል የሚያስረዳ ሠንጠረዥ ለሦስት ሰከንድ ያህል ታየና አለፈ። ለጥያቄ የተረፈው አሥር ደቂቃ ነበር። አንዲት እናት ስለ አያታቸው መናገር ሲጀምሩ የመድረክ መሪው «ጥያቄዎትን ብቻ» ብሎ ማይኩን አስወሰደባቸው። ከዚያ ቦታ የወጣሁት የታሸገ ውኃና መሪ ቃል የታተመበት የሸራ ቦርሳ ይዤ ነው። ቦርሳው ጠንካራ ነው፤ እስከ ዛሬ ሽንኩርት እገዛበታለሁ።

ሚዛናዊ ለመሆን ያህል የታዳሚውንም ጥፋት ማንሳት አለብኝ። «ጥያቄ የለኝም፣ አስተያየት ነው» ብሎ የሚጀምር ሰው አዳራሽ አይጠፋም፤ አስተያየቱም ብዙውን ጊዜ ከገለጻው ርእስ ጋር የማይገናኝ፣ ከቤቱ ተዘጋጅቶ የመጣበት፣ የየትኛው ወገን ነገሥታት የትኛውን ወገን እንደበደሉ የሚተነትን የሃያ ደቂቃ ንግግር ነው። የሚያጨበጭብለትም የሚያጉረመርምበትም ወገን አብሮት ይመጣል። እንዲህ ያለውን ሰው ከጉለሌው ሽማግሌ መለየት የመድረክ መሪ ጥበብ ነው፤ ሁለቱም ጥያቄ አልጠየቁም፤ አንደኛው ግን ራሱ ያየውን ወይም ከዘመዱ የሰማውን ይናገራል፤ ሌላኛው የሚፈልገውን ይናገራል። በስድስት ኪሎ ያየኋት የመድረክ መሪ ለዚህ አንድ ቀላል ዘዴ ነበራት፦ ማይክ የሚጠይቀውን ሁሉ አስቀድማ «ያዩትን ነው፣ የሰሙትን ነው፣ ወይስ ያነበቡትን?» ብላ ትጠይቃለች። ሰው ይህን ጥያቄ ሲመልስ ሳያውቀው ንግግሩን ያሳጥራል። ያነበብኩትን ነው ያለውን «የት?» ትለዋለች። ግማሹ እዚያው ላይ ይቀመጣል።

የቋንቋ ነገር ሌላው ያልተፈታ ጉዳይ ነው። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ምሁራኑ ጥናታቸውን የሚያዘጋጁት በእንግሊዝኛ ነው፤ ለሕዝብ ሲያቀርቡም ስላይዱ እንደዚያው ይቀራል። በአፍ አማርኛ እየተነገረ በግድግዳው ላይ በደቃቅ ፊደል የተሞላ የእንግሊዝኛ ገጽ ይታያል፤ ታዳሚው ጆሮውንም ዓይኑንም ለሁለት ይከፍላል። ከሁሉ የሚገርመኝ የአማርኛ ምንጮች፣ የዘመኑ ደብዳቤዎችና ዜና መዋዕሎች ሳይቀሩ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉመው በስላይድ ላይ ሲቀርቡና ተናጋሪው ያንኑ መልሶ በራሱ አማርኛ ሲያፈርሰው ነው። ዋናውን ጽሑፍ በፊደሉ ቢያሳዩን እኮ አብረን እናነበው ነበር። አንድ ተናጋሪ ብቻ ይህን ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ የአንድ የቆየ ደብዳቤ ፎቶግራፍ አሳይተው ከታዳሚው ፈቃደኛ ሰው እንዲያነብ ጋበዙ፤ አንዲት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያላቸው እናት ተነሥተው ምሁሩ በአንድ ቃል ላይ የተሳሳቱትን አረሙላቸው። አዳራሹ ሳቀ፤ ምሁሩም ሳቁ፤ እርማቱንም ጻፉት።

የርእስ ምርጫው ከወቅቱ ጋር የታሰረ ነው። በየካቲት ዐድዋና የሰማዕታት ቀን፣ በሚያዝያ የድል በዓል፤ በእነዚህ ሰሞን በሁሉም ግቢ ገለጻ አለ፤ አዳራሽ ይጠብባል፤ የሚባለውም ይደጋገማል። ከበዓል ውጭ ያሉት ዝግጅቶች ሰው ቢያንሳቸውም ይዘታቸው ይሻላል። ስለ ተማሪዎች ንቅናቄ በአንድ ተራ የታኅሣሥ ከሰዓት በኋላ የሰማሁት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ ስለመውጣታቸው፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. አፍንጮ በር አካባቢ ስለ መገደሉና በማግሥቱ አስከሬኑን ለመሸኘት በግቢው በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ ወታደሮች ተኩስ ስለ መክፈታቸው የተነገረ ሲሆን፣ ታዳሚው ከሠላሳ አይበልጥም ነበር። ከሠላሳዎቹ ግን ቢያንስ አራቱ ያን ቀን በግቢው ነበሩ። ከአራቱም ሁለቱ የተኩሱን አቅጣጫ በተመለከተ ሊስማሙ አልቻሉም፤ አንዱ ከዋናው በር በኩል ነው አሉ፣ ሌላው ከጀርባ በኩል፤ ክርክራቸው ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎት ዛሬም ትኩስ ነው። ተናጋሪው አስታራቂ ለመሆን አልሞከሩም፤ ሁለቱንም እንደየቆሙበት ቦታ በሰሌዳው ላይ በጠመኔ ሣሏቸው። ሥዕሉን ስናይ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ እንደሚችሉ ገባን።

ስለ ሙዚየሙም ጥቂት ልበል፤ ገለጻ ለማዳመጥ የመጣ ሰው ሳያየው ሊመለስ አይገባምና። ለብቻው መግቢያ ይከፈልበታል። ሙዚየሙ ያለበትን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በመጀመሪያ ዳይሬክተርነት የመሩት ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው፤ የአክሱም ሐውልት ከሮም እንዲመለስ ለብዙ ዓመታት ከታገሉት ግንባር ቀደሞች አንዱ ሲሆኑ፣ ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ሲመለስ ለማየት በቅተው በየካቲት 2009 ዓ.ም. ዐርፈዋል። ሙዚየሙ ዕቃዎቹን በብሔረሰብ ወይም በክልል ሳይሆን በሰው ልጅ የሕይወት ጉዞ ቅደም ተከተል፣ ከልደትና ከልጅነት ጀምሮ እስከ ሞትና ቀብር ድረስ ያሳያል፤ ከየአካባቢው የመጣ ማዘያ፣ መጫወቻ፣ የሠርግ ዕቃና የመቃብር ምልክት ጎን ለጎን ይታያል። ይህ አደራደር ከብዙ ገለጻዎች የበለጠ ነገር ያስተምራል፤ ከላይ የጠቀስኩት ባለ ሃያ ደቂቃ አስተያየት ሰጪ አንድ ጊዜ ቢያየው ደስ ይለኛል። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍልም በዚያው ፎቅ እንደነበረ ተጠብቋል፤ ከጠበቅኩት ይልቅ ትንሽና ጸጥ ያለ ነው። መስቀሎቹ፣ ሥዕለ አድኅኖዎቹና የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ለብቻቸው ሰዓት ይፈልጋሉ።

አንድ ጉድለት በሁሉም ግቢ አንድ ዓይነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ በየትኛውም ላይ ለይቼ አልጭነውም። ገለጻዎቹ ይቀረጻሉ፤ ካሜራው በመሐል መተላለፊያ ላይ ቆሞ ታዳሚውን ሲያሰናክል ሁልጊዜ ይታያል፤ ቅጂውን ያየ ሰው ግን አላገኘሁም። ሁለት ጊዜ ጠይቄ አንድ ጊዜ «ይለጠፋል» ተባልኩ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ቀራጩ የግል ባለሙያ እንደነበረና ስልኩ እንደማይሠራ ተነገረኝ። ተናጋሪው ጥናቱን አንድ ቀን ያሳትመዋል፤ ከወንበር የተነገረው ግን የትም አይገኝም። የጉለሌው ሽማግሌ ያሉት ነገር ዛሬ ያለው በመምህሩ ትንሽ ደብተርና በእኔ ትዝታ ብቻ እንደሆነ ሳስበው ደስ አይለኝም።

መሄድ ለሚፈልግ ሰው የምመክረው ይህ ነው። በበዓል ሰሞን ከሚደረጉት ይልቅ በኅዳር፣ በታኅሣሥ ወይም በጥር የሚደረጉትን ይምረጥ። በማስታወቂያው ላይ ከሁለት በላይ የክብር እንግዶች ስም ካየ ገለጻው አጭር እንደሚሆን ይገምት፤ የጥናት አቅራቢው ስም ከሁሉ በላይ በትልቁ ከተጻፈ ደግሞ ሳያመነታ ይሂድ። ወላጆቹን ወይም አያቶቹን ይዞ ቢሄድ መልካም ነው፤ ከፊት ማረፊያ ወንበር ለማግኘት ግን አስቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል። ከዋናው በር ፊት ለፊት ባለው አደባባይ የቆመውን የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት፣ በተለይ በጎኖቹ የተቀረጹትን ምስሎች፣ ታክሲ ከመያዙ በፊት ዞሮ ይመልከት፤ ከመንገዱ ግርግር የተነሣ በቅርብ የሚያያቸው ሰው ጥቂት ነው። ሙዚየሙን ግን ከገለጻው በፊት ቢያይ ይሻላል፤ የጉለሌው ሽማግሌ የተናገሩ ዕለት እኛ ከአዳራሹ ስንወጣ መሽቶ ነበር፤ በሩም ተዘግቶ አገኘነው።